ከማዕድን ወደ ማዕድ

ከራይን ወንዝ ዳር ከምትገኘው ከዱይስቡርግ ተነሥቶ በሙልሃይም፣ በኤሰን፣ በጌልዘንኪርሸንና በቦኹም በኩል ዶርትሙንድ የሚደርሰው የጀርመን አውራ ጎዳና በአንዳንድ ክፍሎቹ በቀን ወደ 100,000 የሚጠጋ ተሽከርካሪ ያስተናግዳል። እሑድ ሐምሌ 11 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ይኸውም በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጁላይ 18 ቀን 2010፣ ግን ይኸው ጎዳና ወደ 60 ኪሎ ሜትር በሚሆን ርዝመቱ ለመኪና ተዘግቶ ዋለ። ወደ ዶርትሙንድ በሚያመራው አቅጣጫ 20,000 ጠረጴዛዎች ከነአግዳሚ ወንበሮቻቸው ተሰደሩ። ሕዝቡም ከየቤቱ ያዘጋጀውን ምግብ ይዞ ወጥቶ፣ በሌላው ቀን በእግር መርገጥ በሕግ በተከለከለበት አስፋልት ላይ ተቀምጦ ተመገበ። ከዚህ በኋላ የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ዓ.ም. ተብለው ካልተለዩ በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስለዚያ ዕለት በጊዜው ብዙ ተጽፏል። የተጻፈው ግን በአብዛኛው የበዓል ወሬ ነው፤ ማን ምን ይዞ እንደ መጣ፣ የትኛው የመዘምራን ጓድ በየትኛው ድልድይ ሥር እንደ ዘመረ የሚተርክ ነው። መንገድ ለሚቀይስና ሕንፃ ለሚያቆም ሰው የሚጠቅመው ሌላው ጥያቄ ነው። ይህ ጎዳና ለምን ተሠራ? ለማዕድ መቀመጫነትስ እንዴት ሊመረጥ ቻለ? ያን ያህል ሕዝብ በጠባብ አስፋልት ላይ ውሎ ያለ ከባድ አደጋ የገባበት ምክንያት ምንድን ነው? ከስድስት ቀን በኋላ በዚያው አካባቢ፣ ከዚያ በእጅጉ ያነሰ ሕዝብ በተሰበሰበበት ስፍራ፣ ሃያ አንድ ወጣቶች ታፍነው ማለቃቸው የመጨረሻውን ጥያቄ ከበዓል ወሬ በላይ ያደርገዋል።

የመንገዱ ታሪክ ከአስፋልት ዘመን እጅግ ይቀድማል። በመካከለኛው ዘመን ሄልቬግ የሚባል የነጋዴዎች መንገድ ከራይን ወንዝ ተነሥቶ በዱይስቡርግ፣ በኤሰን፣ በቦኹምና በዶርትሙንድ አልፎ በዞስት በኩል እስከ ፓደርቦርን ይዘልቅ ነበር። ከተሞቹ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ በአንድ መስመር ላይ ተደርድረው የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። መንገዱ የተዘረጋው ለጨውና ለጨርቅ፣ ለእህልና ለወይን ጠጅ ማጓጓዣ ነበር። የድንጋይ ከሰል በብዛት መቆፈር በጀመረበት በ19ኛው ምዕት ዓመት ግን በሩር አካባቢ የነበሩት መንደሮች በጥቂት ዐሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ ፋብሪካ ከተሞች ተለወጡ። እያንዳንዱ ማዕድን ማውጫ የራሱን ሐዲድ፣ የራሱን የሠራተኛ ሰፈር፣ የራሱን ጭስ ማውጫ ሠራ። የአንዱ ከተማ ጎዳና ከሌላው ከተማ ጎዳና ጋር መገናኘቱን የሚጠይቅ አልነበረም።

ይህን ጉድለት አስቀድመው ከተረዱት ሰዎች አንዱ በኤሰን ከተማ የሕንፃ ሥራ ኃላፊ የነበረው ሮበርት ሽሚት ነው። ሽሚት በ1912 ባቀረበው ጥናት ከተሞቹ በተናጠል ሳይሆን እንደ አንድ አካባቢ መታቀድ እንዳለባቸው፣ አረንጓዴ ቦታዎችና ዋና ዋና መንገዶች ከወዲሁ ተለይተው መጠበቅ እንደሚገባቸው አመለከተ። ሐሳቡ ሰሚ ያገኘው ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። የተሸነፈችው ጀርመን ለአሸናፊዎቹ መንግሥታት ከሰል እንድታስረክብ ግዴታ ተጣለባት፤ ለዚህም አዳዲስ ማዕድን ቆፋሪዎችን ከነቤተሰቦቻቸው ማስፈር ያስፈልግ ነበር። በመሆኑም በ1920 የሩር ከሰል አካባቢ የሰፈራ ማኅበር በሕግ ተቋቋመ፤ ሽሚትም የመጀመሪያው ዲሬክተር ሆነ። የዚህ ድርጅት መሐንዲሶች በ1920ዎቹ ዓመታት ከተሞቹን በቀጥታ የሚያገናኝ ሰፊ መንገድ ቀየሱ። አካባቢው ከ1923 እስከ 1925 በፈረንሳይና በቤልጅግ ጦር ተይዞ ስለ ነበር የዕቅዱ ዘመን የሰላም ዘመን አልነበረም። መንገዱ ሩርሽኔልቬግ ተባለ፤ ትርጉሙም የሩር ፈጣን መንገድ ማለት ነው።

ስሙ ብዙም አልቆየለትም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የመኪናው ቍጥር እየበዛ ሲሄድ መንገዱ ደረጃ በደረጃ እየሰፋ፣ መስቀለኛ መንገዶቹ በድልድይ እየተተኩ፣ በመጨረሻም የኦቶባን ማዕርግ አግኝቶ ዛሬ ኤ 40 የሚባለው ጎዳና ሆነ። ሆኖም በሰፋ ቍጥር ይሞላ ነበር። የአገሩ ሰው ከስሙ ላይ ጥቂት ፊደል ለውጦ ሩርሽላይኽቬግ ይለዋል፤ የሩር መንፏቀቂያ እንደ ማለት ነው። መንገድን በማስፋት ብቻ መጨናነቅን ማስቀረት እንደማይቻል የሚያስተምር መጽሐፍ ቢያስፈልግ ይህ ቀልድ በቂ ምዕራፍ ይሆን ነበር። በ1977 በኤሰንና በሙልሃይም መካከል የከተማ ባቡር መሥመር በጎዳናው መካከል፣ በሁለቱ የመኪና አቅጣጫዎች መሐል ተዘረጋ። እስከ ዛሬም ተሳፋሪው በተጨናነቁት መኪኖች መካከል ሰንጥቆ ሲያልፍ ይታያል፤ በመኪናው ውስጥ የተቀመጠው ሰው ይህን ሲያይ ምን እንደሚሰማው መገመት አያዳግትም።

በእነዚያው ዓመታት መንገዱ የተሠራለት ከሰል ራሱ ማለቅ ሳይሆን መክሰር ጀመረ። በ1957 በምዕራብ ጀርመን የድንጋይ ከሰል ማውጫዎች ከ600,000 በላይ ሰዎች ይሠሩ ነበር። በዓመቱ ርካሽ የውጭ ከሰልና ነዳጅ ዘይት ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ማውጫዎቹ አንድ በአንድ መዘጋት ያዙ። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው፣ በዚያው ዘመን የጀርመን መንግሥት ከውጭ ሠራተኛ ማስመጣቱ ነው፤ ከኢጣሊያ ጋር በ1955፣ ከቱርክ ጋር በ1961 ውል ተፈራርሟል፣ ከ1963 ጀምሮም ከደቡብ ኮሪያ ማዕድን ቆፋሪዎች መጥተዋል። የኢንዱስትሪው ወዝ ከደረቀ በኋላ ሰዎቹና ልጆቻቸው በዚያው ቀሩ። በኤሰን የሚገኘውና በሕንፃው ውበት የታወቀው የጾልፈራይን ማውጫ በ1986 መጨረሻ ተዘጋ፤ በ2001 በዓለም ቅርስነት ተመዘገበ። የመጨረሻው የሩር ከሰል ማውጫ፣ በቦትሮፕ የነበረው ፕሮስፐር ሃኒኤል፣ ሥራውን ያቆመው በዲሴምበር 2018 ነው። ማዕድኑ ሄዶ ማዕዱ ቀረ ቢባል በአማርኛ ፊደል መጫወት ይመስላል እንጂ ከእውነቱ አይርቅም።

የ2010ሩ ማዕድ በድንገት ከሰማይ የወረደ ሐሳብ አልነበረም። የሩር ሕዝብ ከዚያ በፊት ጎዳናዎቹን በእግሩ የያዘባቸው ጊዜያት ነበሩ፤ ከእነዚህም ሦስቱን ማስታወስ ይበቃል።

የመጀመሪያው የ1973 የነዳጅ ቀውስ ነው። የምዕራብ ጀርመን መንግሥት ነዳጅ ለመቆጠብ ከኖቬምበር 25 ጀምሮ በአራት ተከታታይ እሑዶች የግል መኪና እንዳይነዳ ከለከለ። ሰዎች በአውራ ጎዳናዎች ላይ ከነልጆቻቸው ተንሸራሸሩ፤ ብስክሌትና ፈረስ በኦቶባን ላይ ታየ። ያው ቀውስ በሌላው ዓለም የነበረው መልክ የተለየ ነበር። የነዳጅ ዋጋ ንረት የአዲስ አበባን ታክሲ ነጂዎች በየካቲት 1966 ዓ.ም. ሥራ ያስቆመ መሆኑን፣ ከዚያም የተከተለውን፣ የአገራችን አንባቢ ያውቀዋል። ጀርመኖቹ ከዚያ ወራት የቀረላቸው ጸጥ ያለ አስፋልት ትዝታ ነው።

ሁለተኛው የቁጣ ነበር። በ1987 መጨረሻ በዱይስቡርግ ራይንሃውዘን የሚገኘው የክሩፕ አረብ ብረት ፋብሪካ ሊዘጋ መሆኑ ሲሰማ ወዝ አደሮቹ የራይንን ድልድይ ያዙ፤ በዲሴምበር 10 ቀን ደግሞ የብረትና የማዕድን ሠራተኞች በመላው አካባቢ ዋና ዋና መንገዶችን ዘግተው ዋሉ። ፋብሪካው በ1993 መዘጋቱ አልቀረም። ድልድዩ ግን ሠራተኞቹ ባወጡለት ስም እስከ ዛሬ የአጋርነት ድልድይ ይባላል። ሦስተኛው በፌብሩዋሪ 14 ቀን 1997 የሆነው ነው። መንግሥት ለከሰል የሚሰጠውን ድጎማ ሊቀንስ በተነሣ ጊዜ 220,000 ያህል ሰዎች እጅ ለእጅ ተያይዘው ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ 93 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ሰንሰለት ሠሩ። ቍጥሩን ለርዝመቱ ቢያካፍሉት በአንድ ሜትር ከሁለት ሰው በላይ ይደርሳል። ሕዝብ በአደባባይ ሲሰበሰብ ክብ መሥራቱ የተለመደ ነው፤ የሩር ሕዝብ ግን መሥመር መሥራትን በዚያን ቀን ለመደ።

በ2010 የሩር አካባቢ፣ ኤሰን በስም እየወከለቻቸው 53 ከተሞችና ወረዳዎች ያሉበት፣ ከኢስታንቡልና ከሀንጋሪዋ ከፔች ጋር የአውሮፓ የባህል መዲና ሆኖ ተመረጠ። የዝግጅቱ ኃላፊ ቀድሞ የምዕራብ ጀርመን ራዲዮና ቴሌቪዥን ድርጅት የበላይ የነበረው ፍሪትስ ፕላይትገን ነበር። አዘጋጆቹ የገጠማቸው ችግር ግልጽ ነው፤ 53ቱን የሚያሰባስብ አንድ አደባባይ የለም። ፓሪስ ቢሆን የድል ቅስት፣ ሮማ ቢሆን የቅዱስ ጴጥሮስ አደባባይ ይበቃ ነበር። ሩር ያላት የጋራ ነገር መንገዱ ብቻ ነው፤ ሁሉም ያውቀዋል፣ ሁሉም ተጨናንቆበታል፣ ሁሉም ሰድቦታል። ስለዚህ መንገዱ አደባባይ ይሁን ተባለ። ለዝግጅቱ የተሰጠው ሽቲል ሌበን የሚል ስም ሁለት ፍች አለው፤ አንደኛው በጠረጴዛ ላይ ፍሬና ማሰሮ ተቀምጦ የሚሣልበትን የሥዕል ዐይነት ያመለክታል፣ ሁለተኛው እንደ ቃሉ ጸጥ ያለ ኑሮ ማለት ነው።

ለጠረጴዛዎቹ የወጣው ደንብ በሥፍራው የሚያስፈልገውን ያህል ጥብቅ ነበር። ጠረጴዛ የሚፈልግ ግለሰብም ሆነ ማኅበር አስቀድሞ ይመዘገባል፤ ምግቡን ይዞ ይመጣል፤ መነገድ አይቻልም፤ ጠረጴዛው ለተመጋቢው ብቻ ሳይሆን ለአላፊ አግዳሚው የሚያቀርበው ነገር፣ ጨዋታም ሆነ ዘፈን ወይም የእጅ ሥራ፣ እንዲኖረው ይጠበቃል። ሁሉም የራሱን አምጥቶ ለሁሉ የሚያቋድስበት ሥርዐት በአገራችን በየወሩ ጽዋ ለሚጠጣ ማኅበርተኛ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ማኅበርተኛው እርስ በርሱ የሚተዋወቅ መሆኑ ነው። በሩር ግን የዶርትሙንዱ የቱርክ ቤተሰብ ከጡረተኛ ማዕድን ቆፋሪዎች የመዘምራን ጓድ አጠገብ የተቀመጠው በምዝገባ ቍጥር ነው።

ጎዳናው ቅዳሜ ምሽት 4 ሰዓት ተዘግቶ ሰኞ ንጋት 11 ሰዓት እንዲከፈት ተወሰነ፤ በጠቅላላው 31 ሰዓት ማለት ነው። ከዚህ ውስጥ ለሕዝቡ የተሰጠው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው፤ ከረፋዱ 5 ሰዓት እስከ ከቀኑ 11 ሰዓት። ቀሪው 25 ሰዓት የዝግጅትና የማንሣት ጊዜ ነው። ይህ ምጣኔ ለበዓል አድራጊው ብክነት ሊመስለው ይችላል። ሥራ ያሠራ ሰው ግን ከዚያ ያነሰ ሰዓት ይበቃል ብሎ አይፈርምም። ጀርመኖች ለመናፈሻ የሚጠቀሙበት ተጣጣፊ ጠረጴዛ የተለመደው ርዝመት 2.20 ሜትር ነው። ሃያ ሺሁ ጫፍ ለጫፍ ቢቀጣጠሉ 44 ኪሎ ሜትር ይሆናሉ። ስለዚህ ከ60ው ኪሎ ሜትር ወደ 16 የሚሆነው ክፍት ቦታ ነው፤ ለመውጫና ለመግቢያ፣ ለድልድዮች፣ ለአምቡላንስና ለእሳት አደጋ መኪና መሻገሪያ የሚተው ክፍተት ከዚህ የሚወጣ ነው። የዓለም ረጅሙ ገበታ የሚለው የጋዜጦች አባባል እንግዲህ በየቦታው የተቆረጠ ገበታን ያመለክታል። መቆረጡ ጉድለት አልነበረም፤ ከዚህ በታች እንደሚታየው ዋናው ብልኀት ነበር።

ወደ ዱይስቡርግ የሚያመራው ሌላው አቅጣጫ ጠረጴዛ አልተደረገበትም። ለብስክሌትና ሞተር ለሌለው መጓጓዣ ሁሉ ተተወ። በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ስምንት ሰው ቢቀመጥ የገበታው መቀመጫ 160,000 ነው፤ አዘጋጆቹ ግን በዕለቱ የመጣውን ሕዝብ ወደ ሦስት ሚሊዮን ገምተውታል። የአዘጋጅ ግምት ሁልጊዜ በጥንቃቄ መታየት አለበት። ቢሆንም ሁለቱ አቅጣጫዎች አንድ ላይ 20 ሜትር ስፋት አላቸው ቢባል የጎዳናው ወለል 1.2 ሚሊዮን ካሬ ሜትር ይሆናል። ከተባለው ሕዝብ ግማሹ በአንድ ጊዜ ቢገኝ እንኳ በአማካይ ለአንድ ካሬ ሜትር ከአንድ ሰው ጥቂት የሚበልጥ ነው። ይህ ለእግረኛ ምቹ ባይባልም አደገኛ አይደለም። ለብስክሌት ግን አይበቃም፤ አንድ ብስክሌት ቆሞም ቢሆን ከአንድ ካሬ ሜትር በላይ ይይዛል። የሆነውም ይኸው ነው። ጠዋት በነፋስ ፍጥነት የጀመሩት ብስክሌተኞች ቀትር ላይ ወርደው ይገፉ ጀመር። የመኪና መጨናነቅ በሌለበት ብቸኛ ቀን በዚያ ጎዳና ላይ የብስክሌት መጨናነቅ ሆነ፤ መንፏቀቂያው ስሙን አስጠበቀ።

በአንዳንድ ሥፍራ ወለሉ ሲሞላ ወደ ጎዳናው የሚያስገቡት በሮች ለጊዜው ተዘጉ። ይህን ማድረግ የተቻለው ከጎዳናው ቅርጽ የተነሣ ነው። በየጥቂት ኪሎ ሜትሩ መውጫ አለ። አንዱ በር ቢዘጋ በውጭ ያለው ሰው ወደሚቀጥለው ሊሄድ ወይም ወደ ቤቱ ሊመለስ ይችላል፤ በውስጥ ያለውም ወደፊት ወይም ወደኋላ ጥቂት ቢራመድ ክፍት ቦታ ያገኛል። ከሁሉ በላይ፣ ሰው ሁሉ የሚጎርፍበት አንድ ነጥብ የለም። መድረኩ 60 ኪሎ ሜትር ስለ ሆነ ማንም ሰው ወደ መድረኩ መቅረብ አያስፈልገውም፤ የቆመበት መድረኩ ነው።

በሕዝብ ጎዳና ላይ ማዕድ መዘርጋትን የጀመሩት ጀርመኖች አይደሉም። ፈረንሳዮች በጁላይ 14 ቀን 2000 ከሰሜን ጠረፍ እስከ ደቡብ ጠረፍ በፓሪስ ሜሪድያን መሥመር ላይ አገር አቀፍ ማዕድ አድርገው ነበር፤ አርክቴክቱ ፖል ሸሜቶቭ በመሥመሩ ላይ ዛፍ ለማስተከል ባወጣው ዕቅድ መነሻነት የተደረገ ሲሆን ዝናብ አበላሽቶባቸዋል። በሲድኒ ደግሞ በኦክቶበር 25 ቀን 2009 የወደቡ ትልቅ የብረት ድልድይ ለመኪና ተዘግቶ፣ አስፋልቱ ሣር ለብሶ፣ በዕጣ የተመረጡ 6,000 ሰዎች ቁርሳቸውን በልተውበታል። የሲድኒው ማዕድ ለዐይን የተዋበ ነበር፤ ነገር ግን በዕጣ የሚገባበት ማዕድ ከጋራ ማዕድነት ይልቅ ለግብዣነት ይቀርባል። ድልድይ ሁለት ጫፍ ብቻ ስላለው ቍጥሩን መገደቡ ግን ትክክል ነበር።

ሐምሌ 17 ቀን 2002 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ጁላይ 24 ቀን 2010፣ በዱይስቡርግ ላቭ ፓሬድ የሚባለው የሙዚቃ በዓል ተደረገ። ይህ በዓል በበርሊን ተጀምሮ በ2007 ወደ ሩር የተዛወረ ነው፤ በመጀመሪያ በኤሰን፣ በ2008 በዶርትሙንድ ተከበረ። በ2009 ተራው የቦኹም ነበር፤ ከተማዋ ግን ያን ያህል ሰው ለመያዝ አቅም የለኝም ብላ ቀድማ ተወችው። በዚህ ምክንያት ብዙ ተወቅሳለች፤ ዛሬ ማንም የሚወቅሳት ያለ አይመስልም። ዱይስቡርግ በዓሉን ተቀበለች። የመረጠችው ሥፍራ ሥራ ያቆመ የዕቃ ባቡር ጣቢያ ነው። በአንድ በኩል ሐዲድ፣ በሌላ በኩል አውራ ጎዳና ይገድበዋል፤ ዙሪያው በአጥር ታጠረ። በፈቃዱ ላይ በአንድ ጊዜ እንዲገባ የተወሰነው የሕዝብ ብዛት 250,000 ነበር።

ወደ ሥፍራው የሚያስገባው ዋና መንገድ በካርል ሌር ጎዳና ላይ ያለው ዋሻ ነው። ከምሥራቅና ከምዕራብ የሚመጡት ሁለት የሕዝብ ጅረቶች በዋሻው መካከል ይገናኙና ወደ ላይ በሚወጣ ተዳፋት መንገድ ወደ ሜዳው ይገባሉ። ከሜዳው የሚወጣውም ሕዝብ በዚያው ተዳፋት ይወርዳል። ማንኛውም የውሃ ቧንቧ ቀያሽ ሁለት ገቢ ቱቦና አንድ ወጪ ቱቦ በአንድ መጋጠሚያ ላይ ሲገናኙ፣ በዚያም ላይ በተቃራኒ አቅጣጫ የሚመጣ ፍሰት ሲጨመር፣ ምን እንደሚከተል ሳይሰላ ያውቀዋል። ከሰዓት በኋላ ፖሊስ ጅረቶቹን ለማቆም የሰው አጥር ሠራ፤ አጥሮቹ ግን ግፊቱን ሊቋቋሙ አልቻሉም፣ ሕዝቡም ተዳፋቱ ሥር ተጠራቀመ። ከግፊቱ ለማምለጥ አንዳንዱ በመብራት ምሰሶ፣ አንዳንዱ በኮንቴይነር ጣሪያ ላይ ወጣ፤ ብዙው ግን ከተዳፋቱ ጎን ወዳለች አንዲት ጠባብ ደረጃ ተመመ። አብዛኛዎቹ ሟቾች የወደቁት በዚያች ደረጃ አጠገብ ነው። ሃያ አንድ ሰዎች ደረታቸው ተጨፍልቆ ሞቱ፤ ከ600 በላይ ቆሰሉ።

በጊዜው ብዙ ሰው የወጣቶቹን ሥነ ሥርዐት፣ መጠጡንና ሙዚቃውን ለማማረር ቸኩሎ ነበር። ይህ ነቀፌታ በማስረጃ አልጸናም። አሜሪካዊው ጆን ፍሩይን ከ1970ዎቹ ጀምሮ እንዳሳየው፣ ጥግግቱ በአንድ ካሬ ሜትር ወደ ሰባት ሰው ሲደርስ ሕዝብ ከግለሰቦች ስብስብነት ወጥቶ እንደ ፈሳሽ ይሆናል። ግፊት ከሩቅ እንደ ማዕበል ይተላለፋል፤ ጨዋም ሆነ ሰካራም፣ ወጣትም ሆነ ሽማግሌ ከቦታው የሚያነሣው ኀይል ከራሱ ጡንቻ በላይ ነው። የዱይስቡርጉን አደጋ በ2012 ያጠኑት ዲርክ ሄልቢንግና የሥራ ባልደረባው ፕራቲክ ሙከርጂም ሰዎቹን የገደለው ድንጋጤ ሳይሆን የአሠራሩ ሥርዐት መውደቅ መሆኑን አስረድተዋል።

በማዕዱ ቀን በአካባቢው የተገኘው ሕዝብ ከላቭ ፓሬዱ በብዙ እጥፍ ይበልጣል። የባህል መዲና ዓመት ያው ነው፤ የአየሩ ሁኔታም ለሁለቱም ቀናት መልካም ነበር። ልዩነቱን ሁሉ ለቅርጹ መስጠት ማጋነን ይሆናል። ቤተሰብ ይዞ ለምሳ የወጣ ሰውና ለጭፈራ የመጣ ወጣት አረማመዳቸው አንድ አይደለም፤ የጊዜው ርዝመትም ይለያያል። ነገር ግን የማዕዱ ሰዎች በሙሉ በአንድ ተዳፋት እንዲገቡ ቢደረግ ኖሮ ጨዋነታቸው ባላዳናቸው ነበር።

ከአደጋው በኋላ የሆነው በሙያው ላይ ላሉ ሁሉ የሚያሳስብ ነው። የከተማው ከንቲባ በ2012 በሕዝብ ድምፅ ከሥልጣን ወረደ። ዐቃቤ ሕግ የከሰሰው ግን ሌሎች ዐሥር ሰዎችን ነው፤ ስድስቱ የከተማው ሠራተኞች፣ አራቱ የአዘጋጁ ድርጅት ሠራተኞች ነበሩ። በክርክሩ መካከል የነበረው ሰነድ መሐንዲሶች በየዕለቱ የሚያዩት ዐይነት ወረቀት ነው፤ የዕቃ ባቡር ጣቢያው ለሌላ አገልግሎት እንዲውል በሕንፃ ሕግ መሠረት የተሰጠ ፈቃድ። ችሎቱ በዲሴምበር 2017 ተጀመረ፤ በ2019 የሰባቱ ክስ፣ በሜይ 2020 ደግሞ የቀሩት የሦስቱ ክስ ያለ ፍርድ ተቋረጠ። የሟቾች ወላጆች ዐሥር ዓመት ጠብቀው ያገኙት መልስ፣ ጥፋቱ በብዙ ሰዎች መካከል የተበታተነ መሆኑን ነው። ፊርማ ባለበት ሁሉ ኀላፊነት ይኖራል ብሎ ለሚያምን ሰው ይህ ለመቀበል የሚከብድ መልስ ነው፤ በሕግ ረገድ ትክክል ሊሆን ይችላል።

የጎዳናው ማዕድ ዳግመኛ አልተዘረጋም። ኤ 40 ከዚያ በኋላ በሰፊው የተዘጋው በ2012 በጋ ነው፤ በኤሰን በኩል ለጥገና ለሦስት ወር ያህል ተዘግቶ ሳለ ጠረጴዛ የሠራለት አልነበረም። ይሁን እንጂ ከዚያ እሑድ አንድ ነገር ቀርቷል። በስድስት ሰዓት ውስጥ ያን ያህል ብስክሌተኛ ከተማ ከከተማ መሻገሩን ያዩ ዕቅድ አውጪዎች፣ ከዱይስቡርግ እስከ ሃም ወደ 100 ኪሎ ሜትር የሚሆን ለብስክሌት ብቻ የተለየ ፈጣን መንገድ የመሥራትን ሐሳብ ገፉበት። ጥናቱን ያስጠናው የሩር አካባቢ ማኅበር በ1920 ሮበርት ሽሚት የመራው የዚያው ድርጅት ወራሽ ነው፤ ለመንገዱ የተሰጠውም ስም እንደ ቀድሞው የሩር ፈጣን መንገድ የሚል ሆነ። የመጀመሪያው ክፍል በኤሰንና በሙልሃይም መካከል በኖቬምበር 2015 ተከፈተ። የተዘረጋውም ቀድሞ ከሰልና ብረት ይመላለስበት በነበረው የራይን ባቡር ሐዲድ መደብ ላይ ነው። ቁልቁለቱና ዳገቱ ለከባድ ባቡር የተመጠነ ስለ ሆነ ለብስክሌት ከበቂ በላይ የተመቸ ነው፤ የድሮዎቹ የሐዲድ መሐንዲሶች ለማን እንደሚሠሩ ሳያውቁ የሠሩት ሥራ ነው። ቀሪው ክፍል በመሬት ይዞታና በከተሞች ክርክር ምክንያት በየቦታው ተቆራርጦ፣ ከዐሥር ዓመት በኋላም ገና አልተገጣጠመም።